ፈንዲሻ ያለ ዘይት፦ ከደሴ ማድ ቤት

[ምስል፦ ደሴ። ጀበናው ከሰል ላይ ነው፤ ከረከቦቱ አጠገብ አንድ ነጭ ማሽን ተቀምጧል።]

ወሎ ውስጥ ቡና ተፈልቶ የቡና ቁርስ ካልቀረበ ጎረቤት ይታዘባል። ቆሎ ከሌለ ዳቦ፣ ዳቦ ከሌለ ፈንዲሻ። የዛሬውን ፈንዲሻ የምናፈነዳው ግን በድስት ሳይሆን በዚህ በትኩስ አየር በሚሠራ ማሽን ነው። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ይህማ የፀጉር ማድረቂያ ነው» ብላ ሳቀች።

አልተሳሳተችም። ውስጡ ያለው አንድ ማሞቂያ ሽቦና አንድ ማራገቢያ ብቻ ነው። የጋለው አየር በፍሬው መያዣ ዙሪያ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባና ፍሬውን እያሽከረከረ ያሞቀዋል። በድስት ስናፈነዳ ሙቀቱን ከብረቱ ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ዘይቱ ነው፤ እንዳያር የሚያወዛውዘው ደግሞ ክንዳችን። እዚህ አየሩ ሁለቱንም ይሠራል።

[ምስል፦ አንድ የፈንዲሻ ፍሬ በቅርበት።]

የሚያፈነዳው ግን ማሽኑም ዘይቱም አይደለም፤ ውሃ ነው። የጥሩ ፈንዲሻ ፍሬ ከክብደቱ 14 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ፍሬው ሲግል ውሃው እንፋሎት ሊሆን ይፈልጋል፤ ቅርፊቱ ጥብቅ ስለሆነ መውጫ ያጣል። በዚህ መካከል ውስጡ ያለው ነጭ ክፍል እንደ ገንፎ ይላቁጣል። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር 9 እጥፍ ገደማ ይሆንና ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ገንፎውም አረፋ ሆኖ ተስፋፍቶ እዚያው ይደርቃል። ተራ በቆሎ ቅርፊቱ እንፋሎቱን ስለሚያሳልፍ ብትቆሉት ቆሎ ሆኖ ይቀራል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላችን ለመብሰል የሚለግመውም በዚህ ምክንያት ነው። ፈንዲሻን ግን ከፍታው አያስቸግረውም። እያንዳንዱ ፍሬ የራሱን ክዳን የገጠመ ትንሽ የግፊት ድስት ነውና።

ይህን ሳላውቅ አንድ በጋ ጥፋት ሠርቻለሁ። እህል ሁሉ ከነቀዝ የሚድነው በፀሐይ ነው ብዬ የፈንዲሻውን ፍሬ ሦስት ቀን አሰጣሁት። ውሃው ተኖ አልቆ ኖሮ ግማሹ ጥሬውን ቀረ፤ ማሽኑን ስረግም ዋልኩ። ፍሬውን አጥብቆ በሚዘጋ ዕቃ፣ ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡት። ከደረቀባችሁ ለአራት ኩባያ ፍሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሩና ክዳኑን ገጥማችሁ ወዝውዙት፤ በየጊዜው እየወዘወዛችሁ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ውሃውን ጠጥቶ ላዩ ሳይደርቅ ግን ወደ ማሽኑ አታስገቡት።

[ምስል፦ ፍሬው እየተሰፈረ።]

ልኩ ግማሽ ኩባያ ነው፤ በቡና ስኒ አንድ ተኩል ያህል። ከዚያ ከበዛ አየሩ ማሽከርከር ያቅተውና የታችኛው ያርራል። ካነሰ ደግሞ ጥሬው ከፈንዲሻው ጋር እየዘለለ ይወጣል፤ የእንግዳ ጥርስ ይጠይቃል። ክዳኑን ግጠሙ፣ ሰፊ ሳህን ከአፉ ሥር አድርጉ፣ አብሩት። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ድምፁ ተራርቆ በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲሆን አጥፉት። ዘይት፣ ቅቤ ወይም ስኳር ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ ማሞቂያው ላይ ከደረሰ ይጨሳል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ያለ ዘይት የተፈነዳ ለጤና ይሻላል የሚባለውስ? ሦስት ኩባያ እንዲህ የተፈነዳ ፈንዲሻ 93 ካሎሪ ገደማና ከ3 ግራም በላይ አሰር አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ያስቀረውን ዘይት በኋላ በቅቤ ብትመልሱት፣ ወይም እንደ ልማዳችን ስኳር ብታዘንቡበት፣ ትርፉ ለክንዳችሁ ዕረፍት ብቻ ነው።

ያለ ዘይት ግን ጨው አይያዝለትም፤ ሳህኑ ሥር ይከማቻል። እኔ ጨውን እንደ ዱቄት አልመዋለሁ። ፈንዲሻው ገና ትኩስ ሳለ በትንሽ መርጫ ውሃ እንደ ጤዛ ነፋ አድርጌበት ወዲያው ጨውና በርበሬ እነሰንሳለሁ። ውሃው ከበዛ ይሟሽሻል። የተፈጨ ኮረሪማም ሞክሬአለሁ፤ ከአቦል ጋር እንደ እርሱ የሚስማማ አላገኘሁም። ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን በምንም ቢቀመም አትስጡ፤ ጉሮሯቸው ላይ ሊቀር ይችላል።

[ምስል፦ የማሽኑ ሥር፣ የቮልት ምልክቱ።]

እኛ ዘንድ ብዙው ማሽን የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት ሥሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የመጣው ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ውጭ አገር በዚሁ ማሽን ቡና የሚቆሉ ሰዎችም አሉ። ለእናቴ ስነግራት «ጭሱንስ ለማን ያዞራሉ?» አለች።

[ምስል፦ ማሽላ በሰፌድ፣ ከጎኑ ብረት ምጣድ።]

ማሽላም እንደሚፈነዳ የቆቦና የከሚሴ ሰው ያውቃል። ለማሽኑ ግን አይሆንም፤ ፍሬው ትንሽና ቀላል ስለሆነ ማራገቢያው ሳይፈነዳ ወደ ውጭ ይተፋዋል። እርሱን በጋለ ደረቅ ብረት ምጣድ ላይ አንድ እፍኝ አድርጋችሁ ክዳን ግጠሙበት፤ እዚያም ዘይት አያስፈልግም። እናቴ ምጣዷን ከግድግዳው አውርዳ ማሽኑ አጠገብ ያስቀመጠችው ለዚህ ነው።