3.4 ይሻላል ወይስ 130?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። የማወራው ስለ ሬዶን ነው፤ ከአፈር ወደ ቤት ስለሚገባ፣ ሳንባ ስለሚጎዳ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ። ቤዝመንት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ካላችሁ ደግሞ በተለይ እናንተን ነው የምፈልጋችሁ።

ነገሩን ያስነሳው የቤተሰብ ግሩፓችን ነው። እዚህ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ቤት ሊገዛ ነው፣ ኢንስፔክሽን አስደረገና የሬዶኑን ውጤት ግሩፑ ላይ ለጠፈው። 3.4 ይላል። ስቶክሆልም ያለችው የአክስቴ ልጅ ወዲያው "እኛ ቤት እኮ 130 ነው!" አለች። አለቀ። እናቴ ከአዲስ አበባ "ልጅቷ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ትውጣ" አለች፣ አጎቴ ስዊድን የኒውክሌር ጣቢያ ስላለ ነው ብሎ ተነተነ፣ ወንድሜን ደግሞ እንኳን ደስ ያለህ አሉት።

ሁለቱ ቤቶች ግን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የወንድሜ 3.4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ነው። የሷ 130 ቤክሬል በሜትር ኪዩብ ነው። ፒኮኪዩሪውን በ37 አባዙት። 126 ገደማ ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይሄ 37 ከየት መጣ? ቤክሬል ቀላል ነው፤ በሰከንድ አንድ አቶም ሲፈርስ አንድ ቤክሬል ይባላል። ኪዩሪ ግን ከሱ በፊት የነበረ መለኪያ ነው። በ1910 እንደ ፈረንጆቹ ብራስልስ ላይ ሲወሰን ለፊዚክስ ሊቁ ለፒየር ኪዩሪ መታሰቢያ ተብሎ ነው፣ መነሻውም ራዲየም ከሚባለው ጨረራ አውጪ ብረት አንድ ግራም ነበር። አንድ ግራም ራዲየም ውስጥ በየሰከንዱ 37 ቢሊዮን ገደማ አቶም ይፈርሳል። በዚህ መስፈሪያ የሳሎን አየር መለካት አንዲት የጤፍ ፍሬ በኩንታል ሚዛን እንደመመዘን ነው። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ኪዩሪውን ለትሪሊዮን ከፋፍለው አንዷን ቁራሽ ፒኮኪዩሪ ይሏታል። 0.037 ቤክሬል መሆኗ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ደግሞ 1000 ሊትር ስለሆነ ያቺው 37 ተመልሳ ትመጣለች።

እኔን የገረመኝ ሂሳቡ ሳይሆን ገደቡ ነው። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቤታችሁን አስተካክሉ የሚለው ከ4 ጀምሮ ነው፣ ማለትም 148 ቤክሬል። ስዊድን 200 ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቢቻል ከ100 አይለፍ ይላል። እንግዲህ አስቡት፣ የወንድሜም የአክስቴ ልጅም ቤት በየአገራቸው አልፏል፣ በዓለም ጤና ድርጅት ግን ሁለቱም ወድቀዋል። ሳንባው ያው ሳንባ ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከ2 እስከ 4 ባለው ማስተካከሉን አስቡበት ይላሉ፣ ይቺን ግን ደላላው አይነግራችሁም።

አጎቴ "በሲቨርትስ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማባዛት አይሠራም። ቤክሬል የሚቆጥረው የፈረሰውን አቶም ነው። ሲቨርት የሚለካው ሰውነት የተቀበለውን ነው። ምን ዓይነት ጨረራ ነው፣ ተነፈስከው ወይስ ከውጭ አገኘህ፣ ስንት ሰዓት እዚያ ቤት ውስጥ ትቆያለህ፣ ይሄ ሁሉ ይገባበታል። ሲቨርት የሚመነዘረው ያንኑ ነገር ከሚለካው፣ ሬም ከሚባለው መለኪያ ጋር ነው፤ 100 ሬም አንድ ሲቨርት ነው።

አሁን ወደ ቤዝመንት ልምጣ። ሬዶን ጋዝ ነው። አፈር ውስጥ ካለው ዩራኒየም ይጀምርና በወለል ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተት ይገባል። አይሸትም፣ አይታይም። አሜሪካ ውስጥ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር መንስኤ እሱ ነው፣ በዓመት 21,000 ገደማ ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል። ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው ደግሞ ለመሬት በቀረበው ክፍል ነው። እዚያ የሚተኛው ማነው? አዲስ የመጣው ሀበሻ ነዋ! አከራዩ ፎቅ ላይ ነው። ፎቅ ላይ የተለካ ቁጥር ቢያሳያችሁ ለእናንተ ብዙም አይጠቅምም፣ እናንተ የምትተነፍሱት የታችኛውን አየር ነው።

መለኪያው ውድ አይደለም። ከሰል ያለባት ትንሽ ቆርቆሮ ናት። በርና መስኮት ዘግታችሁ እንደታዘዘው ለጥቂት ቀን ታስቀምጧታላችሁ፣ ከዚያ አሽጋችሁ ወዲያው ለላቦራቶሪ ትልካላችሁ። ወዲያው ያልኩት ሬዶን በ3.8 ቀን በግማሽ ስለሚቀንስ ነው፣ መኪና ውስጥ ረስታችኋት ከሰነበተች የምትለካው ነገር እያለቀ ነው። ውጤቱ ከፍ ካለ ከወለሉ ሥር አየር ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ቱቦና ፋን ይገጠማል፣ እሱ የባለቤቱ ሥራ ነው። ቆርቆሮዋን ግን ራሳችሁ ገዝታችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። አከራዩ ከከፋውም ይክፋው። በሉ ደህና ሁኑ።