ፔዳሉ እምቢ ያለ ቀን

እንደምን ዋላችሁ! ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ የትራፊክ ጭንቅ አራት ኪሎ ድረስ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ ስለ በረራ ደህንነት እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ላውራችሁ። በትንሽ አውሮፕላን አየር ላይ እያላችሁ መቆጣጠሪያው እምቢ ቢላችሁስ?

ከምታውቁት ልነሳ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና አስቡት። ሚኒባሱ ፍሬን በጠሰ። ረዳቱ ይጮኻል፣ ተሳፋሪው ያማትባል። ጎበዝ ሹፌር ግን የሞተውን ፍሬን ሲረግጥ አይውልም። ማርሽ ይቀንሳል፣ የእጅ ፍሬን ቀስ አድርጎ ይስባል፣ ዳር ዳሩን ይይዛል። ያልተበላሸውን ይፈልጋል ማለት ነው። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ችግሩ አየር ላይ ዳር ይዞ መቆም የለም።

የራሴን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን፣ በረራ የማስተምረውን ተማሪ ይዤ ከከተማ ወጣ ብለን ነበር። ወደ ግራ ልንታጠፍ ስንል ልጁ "ጋሼ፣ ፔዳሉ አልሄድ አለኝ" አለ። በእኔ በኩል ያለውን ረገጥኩት። ድርቅ ብሏል። ልጁ ባለ በሌለ ኃይሉ ሊረግጠው ሲነሳ "ተወው፣ አትታገለው!" አልኩት።

ክንፉን አቃናሁ። ፍጥነቱን አየሁ። ከፍታ እንዳንለቅ ትንሽ ጋዝ ጨመርኩ። ሬዲዮውን አልነካሁም። መጀመሪያ ማብረር፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ፣ ከዚያ መናገር፤ የአብራሪ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከዚያ ልጁን "ቅድም ደህና ነበር፤ አሁን ምን ተለወጠ?" ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። በመጨረሻ "ውሃዬ" አለ።

የያዛት ሃይላንድ ከጭኑ ተንሸራታ ፔዳሉ ሥር ተወትፋለች። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ አወጣት። ግማሽ ሊትር ውሃ! ስንወርድ ማኪያቶ ጋበዘኝ። እውነቱን ለመናገር ጋባዡ እኔ መሆን ነበረብኝ። ከመነሳታችን በፊት ላስቲኳን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ባትወጣስ? ፔዳሉ የሚያዘው ራደሩን ነው፤ ጅራቱ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን። ራደሩ ቢደርቅ ክንፎቹ ጠርዝ ላይ ኤለሮን የሚባሉ ከፍና ዝቅ የሚሉ ቁራጮች አሉ፤ በእነሱ ትታጠፋላችሁ። ኤለሮኑ ቢጠፋ ደግሞ ራደሩን ለስለስ አድርጋችሁ ስትረግጡ አፍንጫው ይዞራል። ውጪኛው ክንፍ ፈጠን ይላል፣ ከፍም ይላል፤ አውሮፕላኗ ራሷ ታጋድልላችኋለች።

ከባዱ ኤለቬተር ነው፤ ጅራት ላይ ሆኖ አፍንጫን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው። ሴስና 172 ላይ ትእዛዙን ከመሪው እስከ ጅራቱ የሚወስደው የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ቢበጠስ ትሪም አለላችሁ። ትሪም በእጅ የምትዞር ትንሽ ጎማ ናት። ኤለቬተሩ ጠርዝ ላይ ያለችን ቁራጭ ታንቀሳቅሳለች፤ ቁራጯ ነፋሱን ተጠቅማ ኤለቬተሩን ትገፋዋለች።

የአምራቹ መመሪያ የሚለው እንዲህ ነው። ፍላፕ፣ ማለትም በዝግታ ለመብረር ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል፣ 20 ዲግሪ፤ ፍጥነት እንደ ሞዴሉ 60 ወይም 65 ኖት (ኖት የአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ ነው)፤ ትሪሙን እዚያ ላይ አስተካክሎ መተው። ከዚያ በኋላ መውረድም መውጣትም በጋዝ ብቻ ነው። ትሪሙን የምትነኩት መሬት ልትነኩ ስትሉ ነው፤ ያኔ አፍንጫ ወደሚያነሳው አቅጣጫ ታዞሩታላችሁ። አለዚያ ጋዝ ሲቀነስ አፍንጫዋ ዘፍ ይልና በፊት ጎማዋ ታርፋለች።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ገመዱ ሳይበጠስ ኤለቬተሩ ባለበት ደርቆ ከሆነ፣ ትሪም በተቃራኒው ነው የሚሠራው። አፍንጫ ላንሳ ብላችሁ ስታዞሩት ጭራሽ ይወርዳል። ትልቁ አልነቃነቅ ሲል ትንሿ ቁራጭ ራሷ ኤለቬተር ትሆናለቻ! ስለዚህ ትንሽ ማዞር፣ መጠበቅ፣ ማየት። ይህን ከፍ ብላችሁ ሳላችሁ ሞክሩት። 100 ሜትር ላይ ሆኖ መማር አይቻልም።

ሌላውን ቶሎ ልበለው። ፍላፕ ስታወርዱ ወደ አንድ ጎን መንከባለል ከጀመረች፣ ፍላፑን ወደነበረበት መልሱ። መሪው በራሱ ጊዜ መግፋት ከጀመረ፣ አጥብቃችሁ ያዙትና ኦቶፓይለቱን፣ በራሱ የሚያበረውን መሣሪያ፣ አጥፉ።

ትሪም የሚለውን ቃል ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ከመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኋላ ይመስለኛል። ከቦሌ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበት ቀን ነው። ከአንድ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ የደረሰው አውቶማቲክ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪክ ትሪሙን አጥፍተው በእጅ ለማዞር ሞክረዋል። በዚያ ፍጥነት የአየሩ ጫና ከሰው ጉልበት በላይ ሆነ። ስለዚህ የተረጋጋ አብራሪ ሁሉን ያመልጣል ብዬ አልዋሻችሁም።

የእኛ ከተማ ሌላም ጣጣ አላት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። መለኪያው 65 ኖት ሲያሳያችሁ እውነተኛው ፍጥነት 75 ገደማ ነው። ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም፤ "ካልሆነልኝ ጋዝ ሰጥቼ እነሳለሁ" ማለት እዚህ እንደ ባሕር ዳርቻው አይቀልም። ስለዚህ ረጅም ማረፊያ ምረጡ፣ ከሩቅ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ለታወሩ፣ ማለትም ለበረራ ተቆጣጣሪው፣ ችግራችሁን በግልጽ ንገሩት። "ሜይዴይ" ብሎ የአደጋ ጥሪ ማሰማት አያሳፍርም።

ብዙው ችግር ግን መሬት ላይ ሳለ ይያዛል። በ1935 እ.ኤ.አ. ቦይንግ ለአሜሪካ ጦር ያቀረበው ትልቅ አውሮፕላን ተነስቶ ወዲያው ወደቀ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። መቆጣጠሪያዎቹን ነፋስ እንዳያናውጣቸው የሚይዘው ቁልፍ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። ዛሬ እጃችን ላይ የማይጠፋው ቼክሊስት፣ አንድ በአንድ እያየን የምናረጋግጥበት ዝርዝር፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት መሪውን አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀስራችሁ ያዙ። ወደ ግራ ስታዞሩት ጣታችሁ ወደ ግራ ይጠቁማል፤ የግራው ኤለሮን ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ገመዱ ተገላብጦ ታስሯል፤ ሞተር አጥፍታችሁ ውረዱ።

ጠረጴዛው ላይ ከአሮጌ ሴስና የወጣ የትሪም ጎማ አስቀምጫለሁ። ኑና አዙሩት። ስትመጡ ግን የውሃ ላስቲካችሁን ወንበራችሁ ላይ ተዉት።