ወደ ጤና ኬላ ያልተመለሰው ወረቀት

[ምስል፦ ተራራ ላይ እርከን የሚሠሩ ሰዎች፤ ከመካከላቸው አንዲት ነፍሰ ጡር ድንጋይ ተሸክማለች]

ይህች ሴት አምስተኛ ወሯ ነው። ቤተሰቧ በሴፍቲኔት፣ ማለትም ችግረኛ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ ሥራ እየሠሩ ክፍያ በሚያገኙበት ፕሮግራም፣ የታቀፈ በመሆኑ እርከን ልትሠራ ወጥታለች። መውጣት ግን አልነበረባትም። እርግዝናዋ በጤና ኬላ ሲረጋገጥ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ተዛውራ፣ ከጉልበት ሥራ አርፋ፣ ክፍያዋ ሳይቋረጥ የእርግዝና ክትትሏን ማድረግ ትችል ነበር። ታዲያ እዚህ ምን አመጣት? ማርገዟን የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ የሥራውን ስም ዝርዝር የያዘው ደግሞ የግብርና ባለሙያው። አንዲት ማረጋገጫ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ስላልተሻገረች ድንጋዩ ከትከሻዋ አልወረደም።

[ምስል፦ ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና ሆስፒታልን የሚያገናኝ መስመር]

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን ለመመደብ ታስቦ የተቀረጸ ነው። አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ይደገፋሉ፤ ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ።

ሴትዮዋ አሁን ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። በጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ የደም ግፊቷን ስትለካ ከፍ ብሏል፤ ሽንቷም ፕሮቲን አለበት። ለነገ የሚባል አይደለም። አዋላጇ ሪፈር፣ ማለትም ወደ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ጻፈች፣ አምቡላንስ ጠራች፣ ተላላኪ ሕሙማንን ለሚያስተባብረው የሆስፒታሉ የሊያዞን ክፍልም ደወለች። ይህን የስልክ ጥሪ ከሁሉ አስበልጬ አደንቃለሁ፤ ሐኪሞቹ አልጋና መድኃኒት አዘጋጅተው የጠበቋት በእርሱ ነውና።

በሰላም ተገላገለች። ብዙ ሰው ጉዳዩ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመልስ ጉዞው ነው። ሪፈር የግብረ መልስ ክፍል አለው፦ ምን ተገኘ? ምን ተደረገ? ምን ይቀራል? ክፍሉ ባዶውን ከቀረ፣ ወይም ተሞልቶ ሆስፒታሉ መሳቢያ ውስጥ ካደረ፣ ሰፈሯ ያለችው ሠራተኛ በጨለማ ትሠራለች። የደም ግፊቱ ከወሊድ በኋላም ሊያገረሽ ይችላል፤ ይህን ያልሰማች ሠራተኛ የአራሷን ራስ ምታት የድካም ነው ብላ ብታልፈው እንዴት ይፈረድባታል? ሕፃኑስ ሲወለድ የሚሰጠውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ወስዷል ወይስ ሁሉም ሌላው ሰጥቶታል ብሎ ትቶታል?

[ምስል፦ የአራሷ ቤት። ሠራተኛዋ ከሆስፒታል የመጣውን ወረቀት አንብባ በቤተሰቡ ማህደር ውስጥ ታስቀምጣለች]

ወረቀቱ ከተመለሰ ግን ሌላ ነው። «እትዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት ሠራተኛዋ። ከዚያም የደም ግፊት መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች።