ገጽ 31

እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ በጎ ፈቃደኞች እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ እሱ ይቆየን። አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

የምመራው የበጎ አድራጎት ድርጅት የማክሰኞው የቦርድ ስብሰባ ነው። ስለ ቦርዴ ስንቴ እንዳወራሁላችሁ ታውቃላችሁ። ከ9ኙ 7ቱ መጡ፣ ምልዓተ ጉባኤው ሞላ፣ ደስ አለኝ። ሪፖርቱ 40 ገጽ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ የማወራው እኔው ነኝ። ስላይድ፣ ፎቶ፣ ግራፍ። "ጥያቄ አለ?" የለም። "ይጽደቅ?" እጆች ወጡ። በሙሉ ድምፅ።

ከዚያ እሳቸው ተናገሩ። አዲሷ አባላችን፣ ዕድሜያቸውን በኦዲት ሥራ ያሳለፉት። ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ዛሬ ምን እንድናግዝሽ ነው የጠራሽን?" አሉኝ።

ቁጣ የለበትም። እኔ ምን አልኩ? "ምንም፣ ስለመጣችሁ ብቻ እናመሰግናለን።" ፈገግ ብዬ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሪፖርቱን ዘጉት። ሲዘጉት አየሁ። ወደ መጨረሻው አካባቢ የአንድ ገጽ ጥግ ታጥፏል።

ገጽ 31 ይመስለኛል። ሌላ ምን ይሆናል? እዚያ ገጽ ላይ ትልቁ ለጋሻችን ውሉን እንደማያድስ የምትናገር አንድ መስመር አለች። በእጃችን ያለው ገንዘብ የሚያቆየን 4 ወር ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሰንጠረዥ ሥር፣ በትንንሽ ፊደል። ስላይዱ ላይ አላወጣሁትም።

"ምን እንድናግዝሽ?" በር ከፍተውልኝ ነበር እኮ። አንብበው፣ ጥግ አጥፈው፣ እኔ ራሴ እንድናገረው ጠበቁኝ።

ቦርዱን እንደ እንግዳ ነው የማየው መሰለኝ። ሲመጡ የተዝረከረከውን ሁሉ ወደ ጓዳ እወረውራለሁ። እንግዶች ግን አይደሉም። በጥንቃቄ የመወሰን፣ ከግል ጥቅማቸው ድርጅቱን የማስቀደም፣ ከተቋቋመበት ዓላማ እንዳይወጣ የመጠበቅ ኃላፊነት አለባቸው። የደበቅኩባቸውን ነገር እንዴት ይጠብቁት?

አምና በብሮሹሩ ቀለም ላይ 50 ደቂቃ የተከራከሩት ትዝ ይላችኋል? በጀቱ በ4 ደቂቃ ነበር ያለፈው። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1957 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፎታል። በእሱ ምሳሌ አንድ ኮሚቴ የኑክሌር ማብላያን በሁለት ደቂቃ ተኩል አጽድቆ ለብስክሌት መጠለያ 45 ደቂቃ ይከራከራል። ሰው አፉን የሚከፍተው በሚገባው ነገር ላይ ነው። ይህን አንብቤ "የእኔም ቦርድ እንዲሁ ነው" ብዬ አለፍኩ። ግን ብሮሹሩን አጀንዳ ላይ ማን አስገባው? እኔ።

ምን መደረግ እንዳለበት አውቃለሁ። የተለመደውን ሪፖርት ከሳምንት በፊት ልኮ፣ የማያከራክረውን ሁሉ ጠቅልሎ ባንድ ጊዜ ማጽደቅ። ከዚያ የቀረውን ሰዓት ለአንድ ጥያቄ መስጠት። "ገንዘቡ 4 ወር ነው። የትኛውን ፕሮግራም እናቁም? ለየትኛው ለጋሽ ማን ይደውል?" ይኼን ብጠይቅ ሰባቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው።

ግን ደግሞ… በር ከከፈትኩ የዕለት ሥራዬ ውስጥ ቢገቡስ? ሠራተኞቼን በቀጥታ ማዘዝ ቢጀምሩስ? እሱን መስመር አስይዤ ማስቆም እችላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍርሃቴ ሌላ ነው። እኔን የመቅጠርም የማሰናበትም ሥልጣን የእነሱ ነው። ገጽ 31ን ጮክ ብዬ ባነበው፣ "ይህ እስኪሆን አንቺ የት ነበርሽ?" ቢሉኝ መልስ የለኝም። ወይም አለኝ። እንጃ።

ትናንት ማታ ለእሳቸው ደውዬ፣ ሳያነሱት ዘጋሁት። መቼም የእኔን ቁጥር አይተውታል። መልሰው አልደወሉም። ምናልባት እየጠበቁኝ ይሆናል።

ቀጣዩ ስብሰባ ከ3 ወር በኋላ ነው። ገንዘቡ 4 ወር። አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራ ብዬ ሰብሳቢውን መጠየቅ እችላለሁ፤ ደብዳቤውንም ጀምሬዋለሁ። "ጉዳዩ፦" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው…

ቆይ፣ ስልኬ እየጠራ ነው።