ሳጥኑን ያልፈለሰፈው የሳጥኑ ሰውዬ

እንደምን ዋላችሁ ወገኖች! ስለ አሜሪካ ቢዝነስ ሰዎች አውራልን ስትሉኝ ፎርድን ወይ ስቲቭ ጆብስን እንደጠበቃችሁ ገብቶኛል፣ እኔ ግን የመጣሁት ዕቃ በትልቅ ሳጥን፣ ማለትም በኮንቴነር፣ መጫንን ስላስለመደው ስለ ማልኮም ማክሊን ላወራ ነው። ማነው እሱ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፣ አስመጪዎቹም ራሳቸው አያውቁትም።

ሰውዬው የኖርዝ ካሮላይና ልጅ ነው፣ ባገለገለ የጭነት መኪና ጀምሮ ትልቅ የትራንስፖርት ካምፓኒ ያቋቋመ። በዛን ጊዜ መርከብ የሚጫነው ጆንያ በጆንያ፣ በርሜል በበርሜል፣ በወዛደር ጀርባ ነበር፣ መርከቡም ወደብ ላይ ቀናት ይገተራል። ማክሊን ታዲያ መኪናው ለምን እንዳለ አይጫንም አለ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጎማው ቦታ ይፈጃል፣ ሳጥኑ ብቻ ይሂድ። በፈረንጅ ሚያዝያ 1956 አይዲያል ኤክስ የምትባል አሮጌ የነዳጅ መርከብ 58 ሳጥን ጭና ከኒውአርክ ሂውስተን ገባች። በሰው ጉልበት አንድ ቶን መጫን 5.86 ዶላር ነበር፣ በሳጥን ሲሆን 16 ሳንቲም እንኳን አልሞላም!

ልብ በሉ፣ ዕቃ በሳጥን መጫን ከሱ በፊትም ነበረ። እሱ ያደረገው መርከቡንም ክሬኑንም መኪናውንም በሳጥኑ ልክ ማሰራት ነው። እና የአሜሪካ ህግ የመኪናና የመርከብ ድርጅት ባንድ ላይ መያዝ ስለማይፈቅድ፣ ሀብት ያፈራበትን የመኪና ካምፓኒ ሸጦ ወደማያውቀው ባህር ገባ (እኔ ብሆን አላደርገውም)። ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሄዳችሁ የኮንቴነሩን ማዕዘን እዩት፣ ክሬን የሚይዝበት ቀዳዳ አለ፣ የዛ መነሻው የሱ ኢንጂነር የኪት ታንትሊንገር ስራ ነው፣ ፓተንቱንም ማክሊን ሌላው ሁሉ በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ሁሉም አንድ አይነት ሳጥን ካልያዘ የሱም ሳጥን ዋጋ እንደሌለው ገብቶታል፣ እንጂ ለፅድቅ አይመስለኝም።

ጉዳቱን ደሞ አንደብቅ፣ የብሩክሊን ወደብ ጭር አለ፣ ስንት ወዛደር እንጀራውን አጣ። ራሱም አልቀረለትም፣ ነዳጅ ተወዷል ብሎ ቀርፋፋ ግን ቆጣቢ የሆኑ 12 ግዙፍ መርከቦች አሰራ፣ የነዳጅ ዋጋ ወረደና በ1986 ካምፓኒው ከሰረ። እሱ ግን ዕድሜው 80 ሊሞላ ሲል ሌላ የመርከብ ድርጅት ከፈተ።

በሉ ማይኩን ዕቃ ከጉምሩክ ለሚያስወጡልን ለትራንዚተሮቹ ልልቀቅ፣ ስለ ዲመሬጅ፣ ኮንቴነር ወደብ ላይ ሲዘገይ ስለሚከፈለው ቅጣት፣ የሚሉት እንዳላቸው አውቃለሁ።