ሥዕልና የድሮ ዕቃ ወደ ውጭ ስትልኩ፦ መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠራል

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ ወገኖቼ? ዛሬ ያለነው ቱሉ ዲምቱ ነው። አዎ፣ አዲስ አበባ ልታልቅ ስትል፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት። የሚሰማችሁ የመጋዝ ድምፅ ከጎረቤት የእንጨት ሥራ ቤት ነው፤ ትንሽ ታገሱልኝ። ይሄ የአንድ ሠዓሊ ወዳጄ ስቱዲዮ ነው። ከግቢው ወጣ ስትሉ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ወደ ሞጆ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ታያላችሁ። ለዛሬው ወሬያችን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ወሬያችን ምንድን ነው? ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የድሮ ዕቃ ከአገር ስለማውጣት። ምን ይወጣል? ምን አይወጣም? ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል?

ስለ ሕጉ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ጋብቻ ላውራ። አዎ፣ ስለ ጋብቻ! ትንሽ ታገሱኝ።

ሽማግሌ ተልኳል እንበል። ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተዋል። «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለዋል። የልጅቷ ቤተሰብ ወዲያው እሺ ይላል? አይልም! «ልጁ የማን ነው?» ይላል። አባቱ ማን ይባላል? አያቱስ? የአያቱ አባትስ? ቆይ ቆይ፣ በእናቱ በኩልስ? ከየት አገር ነው የመጡት? ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልጁ ዶክተር ይሁን፣ ፎቅ ይኑረው፣ መኪና ይኑረው፣ መቆጠሩ አይቀርም። አንዷ አክስት ከጓዳ ብቅ ትልና «እንዴ! ይሄማ የእትዬ እንትና የልጅ ልጅ ልጅ ነው» ካለች፣ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ልጁ መጥፎ ስለሆነ ነው? አይደለም። የቤት ልጅ ስለሆነ ነው። ዝምድና ካልተገኘ ደግሞ ምርቃቱ ይወርዳል፣ ጠጅ ይቀዳል፣ ሠርጉ ይቆረጣል።

ዕቃ ከአገር ሲወጣም የሚደረገው ይሄው ነው። የማን ሥራ ነው? መቼ ተሠራ? አንተ ከማን ገዛኸው? እሱስ ከማን አገኘው? ይቆጠራል። ቆጠራው ላይ ቅርስ ሆኖ ከተገኘ የቤት ልጅ ነው፣ አይዳርም። አዲስ ሥራ ከሆነ ደግሞ ተመርቆ ይሸኛል። ለአዲሱ ሥራ ቆጠራው ጠላቱ አይደለም፤ ምስክሩ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሳይቆጠር የወጣ ነገር ምን ይሆናል? መቅደላን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር የዘረፈው ነው። ዝርፊያውን ለመጫን 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ያ የጦርነት ዝርፊያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያመኝ ግን በሻንጣ የወጣው ነው። የጨለቆት ዘውድን አስታወሳችሁት? የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ ነው፣ የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ንብረት። እ.ኤ.አ. በ1998 ሮተርዳም ከተማ ውስጥ በአንድ ሻንጣ ተገኘ። ያገኘው ሲራክ አስፋው የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። አልሸጠውም። ለማንም አሳልፎ አልሰጠውም። 21 ዓመት ደብቆ ጠበቀው! ዘውዱ አገሩ የገባው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ነው። አስቡት፣ የአንድ ሰው ግማሽ ዕድሜ። እኔ ይሄን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ደስታም ንዴትም አንድ ላይ ይመጡብኛል። ያ ዘውድ እንደሱ ያለ ሰው እጅ ባይገባ ኖሮስ?

እሺ፣ አሁን ወደ ወረቀቱ። ፈጠን እንላለን፣ ምክንያቱም ስለ ኤክስፖርት ፈቃድ ባለፈው በሰፊው አውርተናል። ያላያችሁት ቻናላችን ላይ አለ፣ ግቡና እዩት፣ ሰብስክራይብ ማድረግም አትርሱ።

ሕጉ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ ከአገር አይወጣም። ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለዐውደ ርዕይ ከሆነ ብቻ በልዩ ፈቃድ ይሄዳል። ቅርስ ላልሆነው ዕቃ ደግሞ «ይሄ ቅርስ አይደለም» የሚል ማረጋገጫ አለ። የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ዕቃውን ትወስዳላችሁ፣ ባለሙያ ያየዋል፣ ወረቀት ትቀበላላችሁ። ለስጦታ አንድ ሥዕል የሚይዝ ሰው ይሄን ይዞ ቦሌ ይሄዳል። ለንግድ ከሆነ የኤክስፖርት ፈቃድ፣ የባንክ ፈቃድ፣ የዋጋ ደረሰኝ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የአየር ወይም የባሕር ማጓጓዣ ሰነድ ይጨመራል። በእንጨት ሣጥን ካሸጋችሁ እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ በሙቀት የታከመና ማኅተም ያለበት ይሁን። አለበለዚያ ተቀባዩ አገር ሣጥኑን ሊመልሰው ይችላል። በቃ፣ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ያለፈውን ቪዲዮ ከለቀቅን ወዲህ ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ነገር አለ። «መቶ ዓመት ካልሞላው እኮ ቅርስ አይደለም» ትሉኛላችሁ። አንዱ «የአያቴ መስቀል 80 ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ይወጣል አይደል?» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ሻጩ፣ ዕቃው ገና 99 ዓመቱ ነው ብሎኛል» ብላ ጻፈችልኝ። እህቴ፣ ሻጩ ልደቱን አክብሮለታል እንዴ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ረጋ ብለን እናውራ፣ ምክንያቱም ሰው እየተጎዳበት ነው። መቶ ዓመት የምትለዋ ቁጥር ከየት መጣች? ከጉምሩክ ነው። ዓለም በሙሉ ለንግድ ዕቃ የሚጠቀምበት የመለያ ቁጥር አለ። ምዕራፍ 97 የኪነ ጥበብ ሥራና የጥንት ዕቃ ነው። እዚያ ውስጥ 97.06 የሚባለው ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት ለበለጠ የጥንት ዕቃዎች የተሰጠ ነው። ለምን? ቀረጥ ለመመደብ! የሚወጣና የማይወጣ ቅርስ ለመለየት አይደለም። የእኛ አዋጅ ቅርስን ሲተረጉም መቶ ዓመት አይልም። የሚያየው ዕቃው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብ ወይም በዕደ ጥበብ ያለውን ትልቅ ዋጋ ነው። ስለዚህ 60 ዓመት የሆነው ሥዕል ቅርስ ሊሆን ይችላል። ቅርስ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ባለሙያው ነው። ሻጩ አይደለም፣ እናንተም አይደላችሁም፣ እኔም አይደለሁም።

«የግሌ ነው፣ ከአያቴ የወረስኩት ነው» የምትሉም አላችሁ። የእናንተ ነው፣ ማንም አልነጠቃችሁም። ሕጉ ቅርስ በግለሰብ እጅ መሆኑን ያውቃል። ባለቤት መሆን ግን ከአገር ማውጣት አይደለም። አስመዝግቡት፣ ጠብቁት፣ ለልጆቻችሁ አውርሱት፣ እዚሁ።

ቀኑ ተጽፎበታል ብላችሁም አትመኑ። ጠገራ ብር ታውቃላችሁ አይደል? የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት። 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው በ1780 ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ለዘመናት እየታተመ ቀን አልተቀየረለትም። ጣሊያን እንኳ እኛን ልትወር ስትዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሮም ውስጥ አትማዋለች። ስለዚህ 1780 ስላለ የ1780 ነው ማለት አይደለም። ብራናና እንጨትም እንደዚሁ ነው። ትናንት የተሠራውን በጭስ አጥቁሮ፣ ቅባት ቀብቶ «የ200 ዓመት ነው» የሚል አለ። ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ አልደብቃችሁም። አዲሱን አሮጌ ብሎ የሚሸጥ ገዢውን አታለለ። አሮጌውን አዲስ ብሎ የሚያሾልክ አገሩን ዘረፈ። በሁለቱም መሀል የሚጎዳው ደግሞ በሐቅ የሚሠራው ባለሙያ ነው። የሱም ሥራ በጥርጣሬ ይታያል።

ወደ ስቱዲዮው ልመልሳችሁ። [ሥዕሉን አዙሮ ጀርባውን ማሳየት] ይሄን እዩ። ወዳጄ ከሸራው ጀርባ ስሙን፣ የሥዕሉን ርዕስ፣ ዓመቱን፣ መጠኑንና የተጠቀመበትን ቀለም ጽፏል። ሥዕሉን ሲጨርስ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሲሸጥ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ቅጂውን ያስቀምጣል። ሰባት ቤት ቆጠራ ማለት ይሄ ነው! ገዢው አምስተርዳም ይሁን ዋሽንግተን፣ ነገ ሊሸጠው ቢፈልግ የሚጠየቀው ይሄንን ነው። ወጣት ሠዓሊዎች፣ እባካችሁ፣ ከመጀመሪያው ሥራችሁ ጀምራችሁ አድርጉት።

የውጭ አገር በሮችም እየጠበቡ ነው። አገራችን የ1970ውን የዩኔስኮ ስምምነት አጽድቃለች። ሕገ ወጥ የባህል ንብረት ዝውውርን የሚከለክለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አጥብቋል። ከ250 ዓመት በላይ የሆነ የአርኪዮሎጂ ዕቃ ያለ ማስገቢያ ፈቃድ አይገባም። ሌሎች ብዙ ዓይነት ዕቃዎችም ከ200 ዓመት በላይ ከሆኑና ዋጋቸው 18,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ከሆነ አስመጪው መግለጫ ፈርሞ ያቀርባል። ወረቀት የሌለው ዕቃ ከዚህ ቢያመልጥ እዚያ ይያዛል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የዝሆን ጥርስ! ጌጥ ሆኖ፣ መስቀል ሆኖ፣ የጎራዴ እጀታ ሆኖ። የነብር ቆዳም እንዲሁ። አትግዙ፣ አትያዙ። ከዚህ ከተማ ሌላኛው ጫፍ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ተቃጥሏል። መንግሥት ያንን ሁሉ ካቃጠለ የእናንተ አምባር ቦሌ ላይ የሚታለፍ ይመስላችኋል?

የጅማ በርጩማ፣ አዲስ ጀበና፣ መሶብ፣ የሽሮ ሜዳ ጥበብ የምትጠይቁ ደግሞ አትጨነቁ። አዲስ ሥራ ነው፣ ደረሰኙን ያዙ። ዕቃው አሮጌ ከመሰለ ግን ማረጋገጫውን ቀድማችሁ አውጡ። በበረራ ቀን አይሆንም።

ሥዕል ከፍሬም አውጥታችሁ የምትጠቀልሉ ደግሞ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን። ብዙ ሰው ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፣ ቀለሙ ይጨማደድና ይሰነጠቃል። ወፍራም ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። ስለ ማሸግ የሚቀጥለውን ቪዲዮ የምንቀርጸው እዚሁ ጎረቤት፣ ያ መጋዝ የሚጮህበት ቤት ነው፤ ሣጥን ሲሠሩ እናሳያችኋለን። ስለ ዕቃችሁ ጥያቄ ስትልኩልኝ ፎቶ አያይዙ። ከፊትም ከጀርባም አንሱት፣ መጠኑንና ከማን እንዳገኛችሁት ጻፉልኝ።