ዋቱን ተውና ሣጥኑን አንኳኩ

ጥያቄ (ወጣት አድማጭ፣ ከሽምብጥ)፦ ሳሎኔ 4 በ4 ነው። ሙዚቃ ብቻ ነው የምሰማው፤ ፊልም የለኝም። ብዙ ብር የለኝም። ካርቶኑ ላይ 3000 ዋት የሚል ሳብውፈር (ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) አይቻለሁ። ልግዛው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። እንዲህ ያለው ቁጥር ለገበያ የተጻፈ ነው። ዕቃውን አዙርና ጀርባውን አንብብ። ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት ከሆነ 3000ውን ከየት ያመጣዋል? አርኤምኤስ የሚለውን ፈልግ፤ ሳይቋረጥ የሚሰጠው እውነተኛ ጉልበት እሱ ነው። ላንተ ክፍል ከ50 እስከ 100 ዋት አርኤምኤስ፣ ስፒከሩም 8 ኢንች ከሆነ ይበቃል።

ሠርግ ዳስ ውስጥ በሰማኸው ቤዝ ደግሞ አትለካው። ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ነው እነዚያን ትልልቅ ሣጥኖች የሚደረድሩት።

ሱቅ ስትሄድ በፍላሽ በቃልህ የምታውቀውን ዘፈን ይዘህ ሂድ። ባለሱቁ የሚከፍትልህን አትስማ፤ እሱ የሚያምርለትን መርጧል። ቤዝ ጊታሩን ተከተል። ጣቱ ከክር ክር ሲዘዋወር ይለያል? ወይስ ሁሉም አንድ ዓይነት “ዱም ዱም” ነው? የማይለይ ከሆነ የፈለገ ቢረክስ ተወው። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ድምፁ 41 ሄርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው። ስለዚህ 40 ሄርዝን በደንብ የሚያወጣ ለሙዚቃ ይበቃል፤ “20 ሄርዝ” ለሚል ጽሑፍ ተጨማሪ ብር አትክፈል። ሣጥኑንም በጣትህ አንኳኳው። እንደ ባዶ ጀሪካን ከጮኸ እንጨቱ ስስ ነው። ቀዳዳ ያለው ሣጥን በዚያው ዋት ጎላ ያለ ቤዝ ይሰጣል፤ ዝጉ ግን ቶሎ ቁርጥ የሚል ነው። እኔ ብሆን ለሙዚቃ ዝጉን እመርጣለሁ። ችግሩ በርካሽ ዋጋ ዝግ ማግኘት ይከብዳል።

ጥያቄ (እናት፣ ከበላይ ዘለቀ)፦ ልጄ ሳብውፈር ገዝቶ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤትም ተማረረ። መጋረጃ ባወፍር ይረዳል?

መልስ፦ አይረዳም፣ እትዬ። የ40 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው፤ መጋረጃና ምንጣፍ አያቆመውም። ጥፋቱ የጥጉ ነው። ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ ቤዙን ያጎሉታል። ልጅዎ ሳብውፈሩን ለጊዜው እሱ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ያድርገውና ዘፈን ከፍቶ በአራት እግሩ ክፍሉን ይዙር። ይሳቁበት ግድ የለም! ቤዙ ሳይጮኽ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ያስቀምጠው። ከጀርባ ሄርዝ የሚል ማዞሪያ (ሳብውፈሩ ከየትኛው ድምፅ በታች ያለውን እንደሚያወጣ የሚወስነው) ካለ 80 አካባቢ ይጀምር፤ ሌሎቹ ስፒከሮች ትንንሽ ከሆኑ ወደ 120 ከፍ ያድርገው። ከዚያ ድምፁን ይቀንስ። ሳብውፈር መኖሩ ሲጠፋ ብቻ የሚታወቅ ከሆነ ልኩ እሱ ነው። ማታ ግን ያጥፋው፤ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ይሄ ግድ ነው።

ጥያቄ (በጽሑፍ የደረሰን)፦ ሳብውፈሬ ዘፈን ሳልከፍት “እእእ” ይላል።

መልስ፦ የድምፅ ገመዱን ንቀል። ዝም ካለ ችግሩ ገመዱ ወይም የመሬት መስመሩ ነው። ሳብውፈሩንና ሌላውን ዕቃ ከአንድ ሶኬት ሰካቸው። ገመዱ ተነቅሎም ከጮኸ ውስጡ ነው፤ ለጠጋኝ ስጠው። መብራት ሲጠፋም ንቀለው፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ሰካ።

ጥያቄ (አድማጭ፣ ከቀበሌ 14)፦ ያገለገለ ብገዛስ?

መልስ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በዚያው ብር የተሻለ ይገኛል። ጠፍቶ ሳለ ኮኑን (የሚንቀጠቀጠውን የስፒከሩን ፊት) በአራት ጣትዎ ቀስ ብለው እኩል ይግፉት። “ክርክር” ካለ ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል። በዙሪያው ያለው ስፖንጅ ከተሰነጠቀም አይግዙት።